ድንጋይ ላይ የቆመው ቤታችን

ለልጄ ለኖርሃያ፣ አሰላሙ አለይኪ። ባለሽበት አገር አላህ ከክፉ ይከልልሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሩዙ ታጭዶ ገብቷል፤ ብርዱም የምታውቂው የተራራችን ብርድ ነው። አንቺ ግን ትበያለሽ?

ባለፈው ሐሙስ ምድር መንቀጥቀጡን ከሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩት። የቤቱ ምሰሶዎች እንዲሁ ድንጋይ ላይ ከሚቀመጡ በሲሚንቶ ይታሰሩ ብለሽኝ አልነበር? እውነቱን ልንገርሽ፣ አላሳሰርኩም። ግንበኛው ሲሚንቶውን ሊያቦካ ሲል አጎትሽ ማሮሆም ደረሰ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የአያቶቻችንን ቤት እግር ልታስሪ ነው? ምድር ስትጨፍር በምኑ ይጨፍር?" አለኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ልጅቷ ፈርታ ነው" ስለው፣ "እሷ ትፍራ፤ ቤቱ አይፈራም!" ብሎ ግንበኛውን መለሰው። እኔ በሁለታችሁ መሃል ስጨነቅ ከረምኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቤቱ ከነተቀረጸው አግዳሚው ተንቋቋ፣ ወዲህ ወዲያ አለና በየድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። የተሰበረው ፓላፓዬን፣ ያን ከዝንጅብል ጋር የወቀጥኩትን ቃሪያ፣ የማስቀምጥበት ማሰሮ ብቻ ነው። በተረፈው ሲሚንቶ የሩዝ ማስጫ አሠርቼ ነበር፤ እሱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማሮሆም እስካሁን ይስቅብኛል።

እንግዲህ አትቆጪኝ። ለዒድ ስትመጪ ማሰሮ ይዘሽልኝ ነይ። አላህ እንደ ቤታችን ያድርግሽ፤ ዓለም ብትነቀንቅሽም መልሶ ከቦታሽ ያስቀምጥሽ።

እናትሽ