ነጩን ጫማ መልሼልሃለሁ

ለወንድሜ ለሳምሶን፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ዕቃ ባነሳህ ቁጥር የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሊድያስ እንዴት ናት? ትንሹ ሮቢ ጥርስ አወጣ? ደርባን ሙቀቱ በርትቷል ብለህ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ማራገቢያ አስገባህ ወይስ እንደ ድሮህ በካርቶን ቁራጭ ነው የምታራግበው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ግፊት ወርዷል፣ የአባዬም ጉልበት ብርዱ ካለፈ ወዲህ ይታዘዝለታል። እኔም ደህና ነኝ። እንዲያውም በዕድሜዬ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም፤ ላንተ ባይመችህም።

ሰላምታዬ ከልቤ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ነገር ሲከርርብህ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብለህ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። ይህን የምታደርስልህ ጎረቤትህ ፍሬሕይወት ናት። ካርቶኑን ከአንተ ተቀብላ ያመጣችልኝ እሷ ስለሆነች፣ ስትመለስ ካርቶኑንም ደብዳቤውንም አሸክሜያታለሁ።

መስከረም ላይ የጦር አካዳሚውን ፈተና ማለፌን ከሰው ሁሉ በፊት የነገርኩት ላንተ ነው። ለአባዬ ሳልናገር፣ ለእማዬ ሳልናገር። ገና እንደገባን የአካል ብቃት ፈተና እንደሚጠብቀን፣ ያልቻለ ሻንጣውን ይዞ እንደሚመለስ፣ የካቲት እስኪደርስ ሰውነቴን ማዘጋጀት እንዳለብኝ አንድም ሳላስቀር ነገርኩህ። አንተም «በርቺ! እኔ አለሁልሽ» አልከኝ። የመሮጫ ጫማ ላክልኝ ብልህ ደግሞ የእግሬን ቁጥር ጠየቅኸኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ነገርኩህ።

ጫማው እስኪመጣ በአሮጌው ሸራ ጫማዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን አልዋሽህም፤ ከሰፈራችን ከባህል አዳራሽ ተነስቼ ሀዋሳ ሐይቅ ጋ ሳልደርስ አንድ የአጥር ግንብ ተደግፌ አስመለሰኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሰልፍ ላይ ሆነው «እህት፣ ማነው ያባረረሽ? ግቢ እናምልጥ!» ይሉኝ ነበር። መሬት ተኝቼ በእጄ ልነሳ ስሞክር ክንዴ እንደ ረጠበ ጨርቅ ታጠፈ። ያኔ ነው ጋሽ ባህሩ ያገኙኝ። ታስታውሳቸዋለህ፣ የስፖርት አስተማሪያችን የነበሩት፤ ጡረታ ወጥተው ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር በእግራቸው ይሄዳሉ። «አንቺ ልጅ፣ የምትሮጪው ከንዴትሽ ጋር ነው። ንዴት ቶሎ ይደክማል፤ መጀመሪያ መራመድ ልመጂ» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ግን ተራመድኩ። ከዚያ ጥቂት መሮጥ፣ ጥቂት መራመድ፤ ቆይቶ ወደ ቡሹሎ በሚወስደው መንገድ ሳላቆም ሄጄ መመለስ። በስተመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ቦርሳዬን አሸዋ ሞልቼ ታቦር ተራራን መውጣት ጀመርኩ። አሁን እነዚያው ባጃጅ ነጂዎች «ኮማንደር! ዛሬ ዘገየሽ» ይሉኛል።

ካርቶኑ የመጣው ያኔ ነው። ትንሿ እህታችን ሐዳሳ መቀስ ይዛ እየዘለለች ከፈተችው። ነጭ ጫማ፤ ተረከዙ እንደ ሹካ የቀጠነ፣ አፍንጫው ላይ ዶቃ የተሰፋበት። ውስጡ በተጣጠፈች ወረቀት ላይ «ለሩሀማ፣ ከዮፍታሄ» ይላል። ለካሁት። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ከአንተ ሌላ ቁጥሬን ማን ያውቃል? ሐዳሳ «እትዬ፣ በዚህ ነው እንዴ የምትሮጪው?» አለችኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

የቀረውን ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። አንድ ቅዳሜ ከታቦር ስመለስ፣ አቧራ ለብሼ፣ ላቤ በአገጬ እየተንጠባጠበ፣ አሸዋው ጀርባዬ ላይ እንዳለ ሳሎን ብገባ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አባዬ ተቀመጡ ይላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ሽማግሌ መሆናቸውን ያወቅሁት በዚሁ ነው። አንደኛው ቦርሳዬን አይቶ «ልጅቷ ይቺ ናት? የቤት መሥሪያ አሸዋ ራሷ ታመላልሳለች ማለት ነው፤ ታታሪ ናት» አለ። ሰላም ብያቸው ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ንዴቴ እስኪወጣልኝ መሬት ላይ በእጆቼ ወረድኩ፣ ተነሳሁ። ያን ቀን ክንዴ አልታጠፈም።

አባዬ እንደ ወጉ የዚያኑ ቀን መልስ አልሰጣቸውም፤ ለሳምንት ቅዳሜ ቀጠራቸው። ሲሄዱ ፊቱ ቆሜ «ምን ማለት ነው?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «ሳምሶን ነው ያመጣው። ዮፍታሄ የሚባል እዚያው ያለ ጓደኛው ነው፤ ሱቅ አለው፣ አማኝ ነው። ወንድምሽ ቃል ገብቶለታል» አለኝ። አካዳሚውንስ ስለው፣ አንተ አስቀድመህ በስልክ ነግረኸዋል። ያልከውን ቃል በቃል ልድገምልህ፦ «እሷ እንኳን ወታደር ልትሆን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ከመንገድ ተባርራ ተዋርዳ ከምትመጣ በክብር ትዳር።»

ሳምሶን፣ እማዬም አትሂጂ ብላኛለች። ዘመኑን አይታ፣ በየቤቱ የሚለቀሰውን ሰምታ ፈርታልኛለች፤ ፍርሃቷን ፊት ለፊት ነገረችኝ፣ እኔም ፊት ለፊት መለስኩላት። ምህንድስና ተምሬ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆሜን፣ አንኳኩቼ የተከፈተልኝ የመጀመሪያው በር ይህ መሆኑን፣ ድልድይ የሚሠራ መኮንን መሆን እንደምፈልግ ነገርኳት። አልተስማማንም፤ ግን እሷ ከኋላዬ አልዞረችም። አንተ አፍህ «በርቺ» እያለኝ በእጅህ እግሬን ለካህ። ምስጢሬን ነግሬህ እሱኑ መልሰህ ገመድ አደረግህብኝ። ከዮፍታሄ ጋር ጸብ የለኝም፤ ሰውየውን በፎቶ እንኳ አላውቀውም። የከፋኝ ባንተ ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ጋሽ ባህሩ ቤት ሄድኩ። «ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አልኳቸው። «ማንን ለማን ነው የምንጠይቀው?» አሉ። «እኔን ለእኔ» አልኳቸው። ቆባቸውን አነሱ፣ ሳቁ፣ መልሰው አደረጉ። «በዚህ ዕድሜዬ ለብዙ ሙሽራ ሽማግሌ ሆኛለሁ፤ እንዲህ ዓይነቷን ግን ገና ማየቴ ነው» ብለው ተነሱ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሽበሺ ሁለተኛ ሆኑ። ሦስተኛዋ የጸሎት ኅብረታችን መሪ እትዬ ታቢታ ናቸው። ጋሽ ሽበሺ «ሴት ሽማግሌ የት አገር ታይቷል?» ቢሉ እትዬ ታቢታ ነጠላቸውን አስተካክለው «ይኸው ታየ፤ ይልቅ እንሂድ» አሏቸው።

እኔ ከሐዳሳ ጋር ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ገቡ፤ አባዬ ተቀመጡ አለ፤ አንቀመጥም አሉ። አባዬ ደነገጠ። ጋሽ ባህሩ «ልጅዎን ሩሀማን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አሉ። «ለማን?» «ለራሷ። አካዳሚ ትገባ ዘንድ ይስጡን።» እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያባርራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። አባዬ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለማንኛውም ሽማግሌ እንደሚጠየቀው «የጠያቂዋ ቤተሰብ ማነው?» አለ። «የእርስዎ ነው» አሉ ጋሽ ባህሩ። «ጠባይዋስ?» እትዬ ታቢታ ቀደም አሉ፦ «ቁጡ ናት፤ አንደብቅዎትም።» «ሱስ አለባት?» «ሩጫ» አሉ ጋሽ ሽበሺ። አባዬ ጢሙን እያሸ «ጤናዋስ? ትንፋሽ ያጥራታል ብለውኛል» አለ። ጋሽ ባህሩ ያኔ ሳቃቸውን አቆሙ። «እሱን በጆሮዎ አይስሙ። ታቦር ሩቅ አይደለም፤ መጥተው በዓይንዎ ይዩ» አሉት። እነሱንም ለሐሙስ ቀጠራቸው።

ረቡዕ ጠዋት ተራራው ሥር ስደርስ አባዬ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቦርሳዬን ከጀርባዬ አወረደው፣ ከፍቶ እጁን አሸዋው ውስጥ ከተተ፣ ዘግቶ መልሶ አሸከመኝ። ወጣሁ። ቁልቁል ስመለከት ከዘራውን ወደ ላይ ቀስሮ ያየኛል። ሳላርፍ ወጥቼ ሳላርፍ ወረድኩ፤ ፊቱ ቆሜ «አባዬ፣ ቁርስ በልተሃል?» አልኩት፣ ቃሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ከዘራውን ይዞ የቤቱን መንገድ ጀመረ። ቤት ሲገባ ለእማዬ «ያ ልጅ ዋሽቶኛል» አላት። ያ ልጅ ያለው አንተን ነው። ሐሙስ የኔ ሽማግሌዎች መጡ፤ «ሰጥቻችኋለሁ» አላቸው፣ ያኔ ተቀመጡ። እማዬ ምግቡን እያለቀሰች አቀረበች፤ ግን አቀረበች።

ቅዳሜ ያንተዎቹ መጡ። አባዬ በአክብሮት ተቀብሎ «አዝናለሁ፤ ልጄ ተሰጥታለች። በዚህ ሳምንት ቀድመዋችሁ የጨረሱ ሽማግሌዎች አሉ» አላቸው። አንዴ ከተሰጠች በኋላ እንደማይለመን እነሱም ያውቃሉ። ያ አሸዋዬን ያደነቀው ሰውዬ ብቻ አላስችል ብሎት «ለማን ቤተሰብ ይሆን?» አለ። አባዬ በሩ ድረስ እየሸኛቸው «ደህና ቤተሰብ ነው፤ በደንብ አውቃቸዋለሁ» አላቸው።

ስለዚህ ዮፍታሄ ሱቅህ መጥቶ እህትህ ለማን እንደተሰጠች ሲጠይቅህ አባዬ እንደሸፈነልህ አትሸፍን። ቃል የገባኸው አንተ ነህ፤ እውነቱን ራስህ ንገረውና እፍረቱን ራስህ ቻለው። እኔ የካቲት ላይ እገባለሁ። ፈተናውን ባልችል እንኳ የምመለሰው ሞክሬ ነው፤ ያንን ውርደት ብለህ ለአባዬ መንገር ያንተ ፋንታ አይደለም። ገና ይቅር አላልኩህም። አንተ ጠይቀኝ፣ ያኔ አስብበታለሁ።

ሊድያን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ይህን እንዳላወቀች አምናለሁ። ሮቢን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ወገብህን በሙቅ ጨው ያዝ ትልሃለች። ሐዳሳ ጫማውን አንዴ አድርጋ ሳሎን ውስጥ ወድቃለች፤ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች። አባዬ ምን ልጻፍለት ብዬ ብጠይቀው «ሰላም በይው» አለና «ከተማዋ ሰላም ናት በይው፣ ተራራውም በቦታው አለ» አለኝ። ነጩ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ለባለቤቱ መልስለት። የእግሬ ቁጥር ያው ነው፣ አልተለወጠም። ወንድሜ ከሆንክ የጠየቅሁህን ላክ።

እህትህ ሩሀማ
ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ
ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.