ኮምፒዩተሬን ያፈነው ዳንቴል

መርሳ፣ እሑድ መጋቢት 12

ባለቤቴ ዘይነባ ኮምፒዩተሬን በዳንቴል አፍና ከልጃችን ጋር አቆራረጠችኝ። ሰዓዳ ከቤይሩት ደውላ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው፤ ግን እንዳይደነግጡ» እንዳለችኝ ስክሪኑ ጠፋ። ሳጥኑን ስነካው ይፋጃል። ራሴን እንዳስተማርኩት ጎኑን ፈትቼ አየሁ። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ፋን ደህና ነው፤ ከኋላ የተንጠለጠለው ዳንቴል ግን ለሞቃቱ አየር መውጫ አሳጥቶታል። ገፈፍኩት፤ ሲበርድ መልሶ ሠራ። ሰዓዳ ግን ደጋግሜ ብደውልም አታነሳም። ምን ልትነግረኝ ነበር?

«ማን ሸፍኚው አለሽ?» ብዬ ዘይነባ ላይ ጮህኩ።

«ብረት ይሞቀዋል ብዬ መች አወቅሁ? የሰዓዳ የእጅ ሥራ ነው፤ ከድምፅዋ አጠገብ ይሁን ብዬ ነው» አለችኝ።

ጥፋት ጥፋት ነው። ዳንቴሉን አጥፌ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ኮምፒዩተሩ እንደበራ ነው። ስለ ዳንቴሉ ግን ለዘይነባም ለማንም ሁለተኛ ቃል አልተነፍስም።