የጎረቤቴ የባሕር ቀንድ አውጣ

እሑድ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሆሎዌይ

ከቅዳሴ ስመለስ ጎረቤቴ ሚስተር ጆርጅ ለሻይ ጠራኝ። የተቀቀለ የባሕር ቀንድ አውጣ በሳሕን አቀረበ፤ አንዱ ላይ የባሕር ሣር እንደተለጠፈ ነው።

«እኛ ይህን አንበላም» አልኩት።

«ታዲያ ለእኔ ተረፈልኛ!» ብሎ ሳቀ።

ግን ሥጋውን ከዛጎሉ የሚያወጣበት መርፌ ከሚንቀጠቀጥ እጁ ሁለቴ ወደቀ። «ድሮ ሚስቴ ነበረች የምታወጣልኝ፣ ነፍሷን ይማር» አለና ሳሕኑን ገፋው።

መርፌውን አነሣሁ። ሥጋውን ከዛጎሉ እየጎተትኩ አጎረስኩት፤ ለባለቤቴ በመጨረሻ ሰሞኗ አደርግላት እንደነበረው። እሱም እንደ ሕፃን አፉን ከፈተልኝ።

ርኩስ ነገር ነካሁ ይሆን? የንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «ተው» ቢሉኝስ? የሚቀጥለው እሑድም እመጣለሁ ብዬዋለሁ።