የጠየቁኝን የመልካም ሥነ ምግባር ምስክርነት ስለ መላክ

ለክቡር አቶ ወልዴ ይመር
የጨፌ ውሃ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ሀብሩ

ሐምሌ 2014 ዓ.ም.
ቻንግሻ፣ ቻይና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የደም ግፊትዎ፣ ከባድ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሚቀሰቀስብዎ ያ ሳልዎ፣ እንዲሁም የሰው ስም ሲያነቡ የሚያስቸግርዎ ዓይንዎ በመጠኑም ቢሆን እንደ ተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። «ኣዜብዬ እህቴ» ብለው ጀምረውታል። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ «መምህርት» ከማለት አልፈው ስሜን ጠርተውት ስለማያውቁ፣ በመጀመሪያ ለሌላ ሰው የተላከ መስሎኝ ነበር። ወልድያ ላይ ለአንድ ከፍ ያለ ወንበር መታጨትዎን፣ ኮሚቴው ግን ስለ ጦርነቱ ጊዜ አንዳንድ ቅሬታ ስለ ደረሰው ምስክር እንደሚፈልግ ነግረውኛል። ስለዚህ «በዘር ምክንያት ማንንም በድሎ አያውቅም» የሚል አንድ ገጽ እንድጽፍልዎ፣ በተለይም ወላጆቼ ከትግራይ የመጡ በመሆናቸው የእኔ ቃል ከሌላው ሰው ቃል ይልቅ ክብደት እንደሚኖረው በትሕትና አስረድተውኛል። በዚህ አልተሳሳቱም። አንድ ገጽ ብቻ ስላልበቃኝ ግን ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ መልካም ሥራዎ በአንድ ፋይል ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር ምስክርነቴን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ አውጥቼዋለሁ።

፩. ከሁሉ በፊት የማመሰግንዎ ስለ ሰጡኝ ሥልጠና ነው። ሰው እንግዳ አገር ሄዶ የውጭ አገር መምህር ሲባል ይቸገራል ይላሉ። እኔ አልተቸገርኩም፤ እርስዎ እዚያው ሀብሩ ውስጥ አሠልጥነውኝ ነበርና።

ጦርነቱ የተጀመረ ሰሞን፣ ኅዳር 2013 ላይ፣ መምህራኑን ሁሉ ሰብስበው አቋማችንን ሲጠይቁን ያስታውሳሉ። ቀኑ ሰኞ ነበር። የተናገርነው ሁላችንም ስለ ሰላም ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ብዕርዎን አስቀመጡ።

«አንቺስ? ከየት ነሽ?» አሉኝ።

«ከወልድያ» አልኩዎ። የተወለድኩትም የተማርኩትም እዚያ ነው፤ አባቴ ኣረጋዊ የተቀበረውም እዚያው ነው።

«እሱ የምትኖሪበት ነው። የመጣሽበትን ነው የጠየቅሁት።»

«የመጣሁትም ከወልድያ ነው፤ ዛሬ ጠዋት፣ በሚኒባስ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። በማግስቱ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜዎቼ በሙሉ ለሌላ መምህር ተሰጥተው፣ እኔ «ለራሴ ደኅንነት ሲባል» ወደ ቤተ መጻሕፍት መዛወሬ ተነገረኝ። ተማሪዎቼ በመስኮት እያዩኝ ሲያልፉ እኔ አቧራ እጠርግ ነበር። ያን ያህል ስለ ደኅንነቴ ያሰበልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላጋጠመኝም።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። እዚህ ቻንግሻ ያለው ትምህርት ቤት በኢንተርኔት ፈትኖ ሲቀበለኝ የጠየቀኝ ነገር ጥቂት ነበር፤ ዲግሪዬን፣ የጤና ምርመራ፣ እንዲሁም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ማስተማሬን የሚገልጽ ወረቀት። ስለዚህ ወረቀት አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። አንዴ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አሉኝ። አንዴ ከበላይ አካል መመሪያ ይጠበቃል አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማመልከቻዬን ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ይህ ኣ ምንድን ነው? መጀመሪያ ስምሽን እንደ ሰው አስተካክለሽ ጽፈሽ ነይ» አሉኝ። አባቴ እንደ ትግርኛው በኣ ጽፎ ያወጣልኝን ስም ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ቆሜ ማመልከቻዬን አራት ጊዜ አጠፍኩት፤ ይህን እንዳላዩት ስለማውቅ አሁን እነግርዎታለሁ።

ለሦስት ቀን ስብሰባ ሲሄዱ ውክልናውን የሰጡት ለምክትልዎ ለአቶ አብዱሰመድ ነበር። አቶ አብዱሰመድ አስቀምጠውኝ ፋይሌን ራሳቸው ከመዝገብ ቤት አወጡና ደብዳቤውን በእጃቸው አረቀቁት።

«ችግር ይመጣብዎታል» አልኳቸው።

«ወላሂ እኔ የማውቀው ፊዚክስ ማስተማርሽን ነው» አሉኝ። «ሦስት ዓመት አየሁሽ፤ ያየሁትን ጻፍኩ። ስምሽም ይኸው፣ አንቺ እንደምትጽፊው ነው። በይ ሂጂ፣ አላህ መንገድሽን ያቅናው።»

እርስዎ ሲመለሱ ውክልናውን ነጥቀው፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከነግልባጩ ሰጥተዋቸዋል። ሰው እውነት በመጻፉ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

፫. እነሆ በሰኔ 2013 ከአገር ወጥቼ፣ በኮሮና ሕግ ሃያ አንድ ቀን ጓንግዡ ከተማ ሆቴል ውስጥ ለብቻዬ ከተቆለፈብኝ በኋላ ቻንግሻ ገባሁ። የውጭ መምህራንን ጉዳይ የምትከታተል ዦው የምትባል ሴት ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ፤ ሻንጣዬንም ከእጄ ነጠቀችኝ። እዚህ አገር የውጭ ሰው በደረሰ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መመዝገብ አለበትና፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ወሰደችኝ። ፖሊሱ የትውልድ ቦታዬን ጠየቀኝ። ወልድያ አልኩት። ፊደሉን አስቆጥሮኝ ጻፈው፤ ማኅተሙን መታና ወረቀቱን ሰጠኝ። እኔ ግን ከመስኮቱ ፊት አልነቃነቅም አልኩ። ዦው «አልቋል እኮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር፣ ክቡር አቶ ወልዴ። የእርስዎን ጥያቄ።

ለኑሮው ቶሎ ተስማማሁ። የሁናን ሰዎች ምግባቸው ሁሉ ቃሪያ ነው፤ እኔን የመሰለ የወሎ ልጅ ሲያገኙ ዓይናቸው እስኪያለቅስ ሲወዳደሩኝ ከርመው አንድም ቀን አላሸነፉኝም። የጾም ቀን ግን አትክልቱን ጭምር በአሳማ ስብ ስለሚጠብሱት፣ ዦው «ስብ የሌለበት» የሚል ጽሑፍ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ለምግብ ቤቱ ሰዎች አሳያለሁ። ራሴን ቢያመኝ ሙቅ ውሃ ጠጪ ይሉኛል፤ ሆዴን ቢያመኝ ሙቅ ውሃ፤ ብቸኝነት ሲሰማኝም ሙቅ ውሃ። በምሳ ሰዓት ተማሪ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይተኛል፤ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ደንግጬ ነበር፤ አሁን እኔም እተኛለሁ። የሥራ ፈቃዴ ላይ «የውጭ አገር ሰው» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። በዚህ ቃል ቅር አይለኝም። የቻይና ሰው አይደለሁምና።

የመጀመሪያዋን ክፍለ ጊዜ ላስተምር ስገባ ሃምሳ ሁለት ተማሪ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ «መምህርት፣ እንደምን ነሽ» አለኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ክፍል ፊት ከቆምኩ ዘጠኝ ወር አልፎኝ ነበር። አንዷ ልጅ ጠመኔውን አንሥታ ሰጠችኝና ስለ ሞገድ ማስተማር ጀመርኩ፤ ደወሉ ሲደወል ገና ስለ ሞገድ እያወራሁ ነበር።

፬. ይህን አራተኛውን ስጽፍ ጨዋነቴ ቢያጥር ይታገሡኝ።

በነሐሴ የትግራይ ታጣቂዎች ወልድያ ሲገቡ እርስዎ ወደ ደሴ ሸሹ። በመሸሽዎ አልነቅፍዎትም፤ ሸሽቶ ያልተረፈ ስንቱ ነው። እናትዎ እትዬ ደብሪቱ ግን በእግራቸው መራመድ ስለማይችሉ ወልድያ ቀሩ፤ ሁለት ቤት አልፎ ካለችው ከእናቴ ከትብለፅ በቀር የሚያያቸው ሰው አልነበረም። እናቴ አዝላ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ስልክ ተቋረጠ። እኔ እዚህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ፤ በየቀኑ ያው «ማግኘት አልተቻለም» የምትል፣ እኔን የማትሰማ ሴት ድምፅ ይመልስልኛል። አምስት ወር ሙሉ የእናቴን ሞት በልቤ እየለመድኩ የተማሪ ፈተና አረምኩ። ዦው አንድ ቀን ቢሮዬ ገብታ፣ አጠገቤ ተቀምጣ የራሷን የቢሮ ወረቀት ስትሞላ ዋለች።

በጥር ስልኩ ሲጠራ ያነጋገረኝ የእናቴ ድምፅ አልነበረም። «ልጄ፣ ደብሪቱ ነኝ፤ የወልዴ እናት» አለኝ። «እናትሽ አለች። አትደንግጪ። ከፊቴ ተኝታለች፣ ትንሽ ታማለች፤ እስክትነቃ እኔ ልንገርሽ።» የማውቀውን ሁሉ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ታጣቂዎቹ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱን ሊፈትሹ መጡ። ከኋላ ጓዳ የተኛው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እናቴ በር ላይ ቆማ በትግርኛ፣ «እናቴ ናት፤ ታማለች፤ ከዚህ በር የምታልፉት እኔን ገድላችሁ ነው» አለቻቸው። ሄዱ። እትዬ ደብሪቱ ቋንቋውን ባይሰሙም ከበሩ ኋላ ሆነው ድምፁን ሰምተዋል። እናቴ በሕይወቷ ጮኻ የተናገረችው ያን ቀን ብቻ ነው አሉኝ።

በታኅሣሥ ከተማው ሲለቀቅ እርስዎ ተመለሱ። እናትዎን በሕይወት፣ ታጥበውና ጠግበው አገኟቸው። በሳምንቱም በስምዎና በፊርማዎ አንድ ጥቆማ ጻፉ፤ «ትብለፅ የተባለችው ግለሰብ በደጃፏ ቆማ ከጠላት ጋር በቋንቋቸው ስትነጋገር ታይታለች» የሚል። እውነት ነው፤ ተነጋግራለች። የጸጥታ ሰዎች እናቴን ከትንሿ ሱቋ ወስደው አንድ መጋዘን ውስጥ አሰሯት። ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ሳንባዋን ታመመች።

እትዬ ደብሪቱ ይህን ሲሰሙ የጎረቤት ልጆች በወንበር ተሸክመው መጋዘኑ በር ላይ እንዲያስቀምጧቸው አደረጉ። ሦስት ቀን እዚያው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ወጥቶ፣ «እማማ፣ ጥቆማው እኮ ከልጅዎ ነው የመጣው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው።

«ልጄ አራት ወር እዚህ አልነበረም» አሉት። «ምን አይቶ ጻፈ? ከበሩ ኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ። ብዕርህን አምጣ፤ ያየሁትን እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ።»

ጻፈ። በዚያው ቀን ከሰዓት እናቴ ተለቀቀች፤ ሁለቱ አሮጊቶችም አንዷ ወንበር ላይ፣ አንዷ በሰው ትከሻ ተደግፋ አንድ ቤት ገቡ። እስከ ዛሬም ያሉት አንድ ቤት ነው። እርስዎ ይህን ኮሚቴው ይጠይቀኛል ብለው ስላላሰቡ እኔ ልጨምርልዎ ብዬ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠየቁኝ ምስክርነት ልመለስ። ሰዓት አክባሪ መሆንዎን እመሰክራለሁ። ፊርማዎ እጅግ ያማረ፣ ከሩቅ የሚለይ መሆኑን እመሰክራለሁ። አንድን ሰው ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አይተው ማንነቱን የመለየት ችሎታዎን እመሰክራለሁ። በዘር ምክንያት ማንንም በድለው አያውቁም የሚለውን ግን፣ ሦስት ጊዜ ብሞክርም እጄ አልጽፍም አለኝ።

ይህ በቀል ነው ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በቀል ነው። አንድ ቀን እንኳ «ይቅር በይኝ» ብለው ጽፈውልኝ ቢሆን ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር፤ ምናልባት አለቅስ ነበር። እርስዎ የጻፉልኝ ግን ወንበር ፈልገው ነው። የወንበር ጥያቄ ሲመጣ መልሱን አውቀዋለሁ።

ላሳዩኝ የማይረሳ አስተዳደር፣ እኔን ከክፍል አውጥተው ወደ ዓለም ስለ ሸኙበት ቸርነት፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ እንድናገር ራስዎ በጽሑፍ ስለ ጠየቁኝ ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ዕድሜውንም ሁሉ ሙሉ የማስታወስ ችሎታ እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ኣዜብ ኣረጋዊ
የፊዚክስ መምህርት፣ ትውልደ ወልድያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ለእትዬ ደብሪቱ በስልክ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ እርማት ብቻ ሰጡኝ፤ መጋዘኑ በር ላይ የተቀመጡት ሦስት ቀን ሳይሆን አራት ቀን ነው። ከጽሑፉ ላይ ላስተካክለው ስል፣ «ተይው፤ እኔው በአፌ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። ኮሚቴው ለሐሙስ ጠዋት ቀጥሯቸዋል። ወንበሩን የሚሸከሙላቸው ሰዎችም ተገኝተዋል።