ጭስ የሌለበት ሠርግ

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዜና አዳመጥሁ። መንግሥት ለዓለም ቃል ገብቷል፤ የመኪና ጭስ እንዲቀንስ፣ ሕዝብ በአንድ ላይ ተሳፍሮ እንዲጓዝ፣ መብራትም በቁጠባ እንዲበራ። መልካም። አገር ቃል ከገባ እኔም ገብቻለሁ ማለት ነው፤ እኔ ከአገር ውጭ አልኖርም። የበረንዳውን አምፖል ፈታሁ። የጓዳውንም ፈታሁ።

ማታ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሽሮው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች። አይታያትማ። መንግሥት ቃል ሲገባ አንተን አማክሮህ ነበር ወይ አለችኝ። ሽሮውን ጨርሼ በላሁት፤ ቅር ያለኝ እንዳይመስላት።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ማስታወሻዬ፣ ተናድጃለሁ። የልጅ ልጄ ሰላማዊት ጥር 18 ታገባለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግናት እኛ ነን፤ መርቄ የምሸኛትም እኔ ነኝ። ልጁ ያሬድ ይባላል፤ ሞጣ መምህር ነው። ክፉ አይደለም፤ ብቻ ፀጉሩ ላይ ቅባት ያበዛል።

ዛሬ ሰማሁ፦ ሊወስዳት ሰባት መኪና አስከትሎ ይመጣል። ሰባት! አንዱ ለሙሽሮቹ፣ አንዱ ለሚዜ፣ አንዱ ለቪዲዮ፣ የቀሩት ለጡሩምባ። መጀመሪያ ከተማችንን ብቸናን ይዞራሉ፤ ደግመው ይዞራሉ። ምን ጠፍቷቸው?

ጭስ በሚያጨስ መኪና ፊት ቆሜ አልመርቅም አልሁ። ማርያምን! አልሁ። ምለህ ነው? አለች ጥሩወርቅ። አዎ፣ ምዬ ነው። ሰላማዊት ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንዲህ ስታይ እኔን ትመስላለች። አልወደድሁትም።

ጥር 2፣ ዓርብ

ሽማግሌ ተላከብኝ! ጋብቻውን ከፈቀድሁ ቆየሁ፤ ይህ ለመኪና ነው። በዕድሜዬ ለመኪና የተላከ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

መሪጌታ ስመኝ ሁለት ሰው አስከትሎ በሩ ላይ ቆመ። ተቀመጡ አልኋቸው። "እሺ ሳይሉን አንቀመጥም፣ አያ ይግዛው!" ይህን ዘዴ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ስንቱን እምቢተኛ አባት አብረን ቆመን አሸንፈናል። ስለዚህ እኔም ተነሥቼ ቆምሁ። ጥሩወርቅ ጠላ አመጣች፤ ቆመን ጠጣን። ስለ ጤፉ ቆመን አወራን። ፀሐይ ዞረች። መሪጌታ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

"እና በበቅሎ ትሂድ ነው የሚሉት?"

አዎ፤ አያቷም በበቅሎ ነው የመጣች።

"በበቅሎ ከሆነማ ሞጣ ሳትደርስ ትወልዳለች!"

እኔ ቤት ቆሞ ይቀልዳል። ሳቄን ዋጥሁት። በመጨረሻ እርሱ ተቀመጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አሸነፍሁ። እግሬ እስካሁን ይንዘፈዘፋል፤ ለማንም አልነገርሁም።

ጥር 5፣ ሰኞ

ተሸነፍሁ። ሰላማዊት ከሥራ ስትመለስ አጠገቤ ቁጭ አለች። አባባ፣ ዜናው ስለ በቅሎ ተናግሯል ወይ? አልተናገረም። ሕዝብ በአንድ ላይ ይጓዝ ብሏል? ብሏል። እንግዲያው ሰባቱ መኪና ይቅርና አንድ አውቶቡስ ይምጣ፤ ሙሽራውም አጃቢውም እኛም በእሱ እንሂድ። እርስዎም ይሳፈራሉ።

እኔ አውቶቡስ አልሳፈርም። ባለፈው ስሳፈር ደጀን ሳልደርስ ወደ ላይ ብሎኝ የሆነውን ጥሩወርቅ ታውቃለች። "ቃል የገቡት እርስዎ ነዎት" ብላ ሰላማዊት ተነሥታ ሄደች።

ራሴ ያሳደግኋት ናት፤ ማንን እከስሳለሁ? እሺ አልሁ። ጥሩወርቅ ከጓዳ እልል አለች። በጨለማ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

የሰላማዊት ዓይን ቀልቷል። የያሬድ ጓደኞች በአውቶቡሱ እየሳቁ ነው፤ ሠርግ ነው የመስክ ጉብኝት? እያሉ። እሱም ተናዶ በስልክ ተጣልተዋል። መጥቶ አይወስዳት ይሆን? ምሳ አልበላሁም።

ስልክ አልወድም፤ ደወልሁለት። የሚስቁብህን ሁሉ ከእኔ ጎን አስቀምጣቸው፤ እኔ ስሳፈር የሚሆነውን አይተው ሳቃቸው ይቆማል አልሁት። ሳቀ። እመጣለሁ አለ። ጥሩ ልጅ ነው። ቅባቱ ግን ብዙ ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፤ ማታ

ጎረቤት ሴቶች ሽንኩርት የሚከትፉት በእጅ ባትሪ ነው። አንዷ፣ ይህ ሠርግ ነው ሌብነት? ስትል ሰማኋት። ቆጣቢ የሚባሉትን አምፖሎች ገዝቼ አሰርሁ። አጨበጨቡልኝ። አልተደሰትሁም።

ጥር 18፣ እሑድ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት፤ አውቶቡስ ውስጥ

ማስታወሻዬ፣ ጽሕፈቴ ተበላሸ፤ መንገዱ ነው።

አውቶቡሱ ከሞጣ ሙሽራውን ይዞ መጣ። ከእሱ በፊት ጭሱ ታየ። ጥቁር። ሰባቱ መኪና ተደምረው ይህን አያወጡም። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ሹፌሩ፣ ሲሞቅ ይተዋል አለ። ሞቀ፤ አልተወም። መሪጌታ ደጋግሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳቅ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰላማዊት ወጣች። በነጭ ልብሷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ምያለሁ እኮ አልኋት። "አውቃለሁ፣ አባባ።" ቀና አላለችም። ግንባሯን ጉልበቴ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ካልመረቅሁ ሳትመረቅ ልትሄድ ነው፤ እናት የላት።

"አጥፋው!" አልሁት ሹፌሩን።

ሞተሩ ጠፋ። ጸጥ አለ። አሁን በፊቴ የሚያጨስ መኪና የለም። መረቅሁ። የማውቀውን ምርቃት ሁሉ አዘነብሁት። መሐል ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ጭሱ ነው አልሁ። ሞተሩ ግን ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ አልነሣም አለ። ሹፌሩ ያየኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም። ሚዜው ገፋ፣ መሪጌታ ገፋ፣ ሙሽራው ኮቱን አውልቆ ገፋ፣ እኔም ገፋሁ። በብቸና መሐል አውቶቡሱ ያለ አንዲት ጭስ አለፈ። ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆሞ እልል አለ። ቃል ማለት እንዲህ ነው! ቁልቁለቱ ላይ ተነሣና ሁላችንንም አጠቆረን። የያሬድ ፀጉርማ ጥላሸቱን አጥብቆ ይዞታል።

ወደ ቤት መመለስ እችል ነበር። መርቄያለሁ፤ መሐላዬም አልፈረሰም። ሰላማዊት ግን ከኋላዋ ያለውን ወንበር በነጠላዋ ይዛልኛለች። ተሳፈርሁ። እስካሁን ደህና ነኝ። ጥሩወርቅ ለማንኛውም ብላ ፌስታል ዘርግታ ይዛለች።

አሁን ይዘፍናሉ። መሪጌታ ሳይቀር። ሰላማዊት ዞር ብላ አየችኝ፤ ያጨብጭቡ እንጂ ማለቷ ነው። እኔ አላጨበጭብም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው በሞላበት አውቶቡስ፣ የያዝሁትን እስክሪብቶ ጥዬ