የአስራ ሦስተኛው ድምፅ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹና አባታቸው ደኅና ናቸው? እማዬ እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍስ ይወስዳታል? የኔን ደኅንነት ግን አትጠይቂኝ። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝም እመልሳለሁ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ይሄን ደብዳቤ በር ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው። እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የኔን ደብዳቤ ሁሉ አንቺ እንደምታነቢላት አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን አደራሽን እንዳታነቢላት። ምን ትላለች ካለችሽ የሆነ ነገር ፈጥረሽ ንገሪያት። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት።

የምጽፍልሽ ከተራራ ክበባችን ክፍል ሆኜ ነው። ማሙሽን የሚፈልጉት ሰዎች ጠዋት እንደገና ወጥተዋል። እኔን እዚሁ ጠብቂ ብለው ከለከሉኝ። እዚህ ያለነው እኔና ከክበባችን አባላት አንዷ ፋርማሲስት ብቻ ነን፤ እሷ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣለች። ግድግዳው ላይ አስራ አራት መስቀያ አለ፤ በየቁጥራችን ጃኬታችንን እንሰቅልበታለን፤ የከተማ ጫማችንን ደግሞ ከስሩ እንተዋለን። አስራ ሦስት ስር የማሙሽ ጫማ አለ። እሁድ ጠዋት እንዳወለቀው ነው፤ አንዱ ጎኑን ተኝቷል።

እዚህ ክበብ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሶም ማሙሽ የምንለው ወንድማችን ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ብቻ ሲል ሰው ይልመድ፣ ደሙ ይዘዋወር ብዬ ነው። ብርዱ ሲገባ እሁድ እሁድ እንወጣለን። ተራራው ከባድ አይደለም፤ ጭጋጉ ነው እንጂ። ስለዚህ በየእረፍቱ እንቆጠራለን። መሪያችን ጋሼ ከፊት ሆነው "አንድ" ይላሉ፣ ከኋላቸው ያለው "ሁለት" ይላል፣ እንዲህ እያለ እኔ ጋ ይደርሳል። እኔ ኋላ ዘጊ ነኝ። "አስራ አራት፣ ተዘግቷል" እላለሁ፤ ከዚያ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ከኔ ኋላ ሰው እንዳይኖር ነው ሥራዬ። ሥራዬ እሱ ብቻ ነው።

የማሙሽን አፍ ታውቂዋለሽ። ሰው በተሰበሰበበት አስራ ሦስት ለማለት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሱቅ ሲላክ ተከትዬ የምናገርለት እኔ፣ ሐኪም የት ጋ ያምሃል ሲለው የምመልሰው እኔ አልነበርኩ? እዚህም ያው ሆነ። እሱ ዱላውን ብድግ ያደርጋል፣ እኔ ድምፄን አወፍሬ "አስራ ሦስት!" እላለሁ፤ ቀጥዬ በራሴ ድምፅ "አስራ አራት፣ ተዘግቷል።" በጭጋግ ውስጥ ማን የማንን አፍ ያያል? ማንም አልነቃብንም። ሁለታችን እንሳሳቅ ነበር።

ያን እሁድ ጫፉ ላይ ምሳ በልተን መውረድ እንደጀመርን ማሙሽ ቆመ። የሰፋሁለትን ጓንት አንዱን የበላንበት ቦታ ረስቶታል። ጠዋትም ጫማው እግሩን ልጦት አስቁሞናል፤ ሰዎቹ እህትና ወንድም ሁሌ እንዳስጠበቁን ነው እያሉ አጉረምርመዋል፤ እኔም ፊቴ ቀልቷል። ተወው፣ ሌላ እሰፋልሃለሁ አልኩት። እምቢ አለ። አንድ ነገር ሊለኝ ጀመረ፤ "የ... የ..." እያለ ተያዘ። ጭጋጉ እየወረደ ነው፣ ሰልፉ እየራቀን ነው፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቃል ይጎትታል። አልጨረሰውም። እኔ ነኝ የጨረስኩት። ምን እንዳልኩት ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። እኛ ቤት ብርጭቆ ሲሰበር የምንባባላትን እርግማን ታውቂያታለሽ፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ግን ለወንድም አይሏትም።

አየኝ። ዞሮ ወደ ላይ ሄደ። እኔ ወደ ታች ሄድኩ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ። እውነት ሰምቼ ይሁን ወይ መስማት ፈልጌ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም። መሀል ላይ ያለው የድንጋይ አጥር ጋ ስንደርስ ጋሼ መቁጠር ጀመሩ። አስራ ሁለት ተባለ። አንገቴን እንኳ አላዞርኩም። አኩርፌው ነበርና። ድምፄን አወፍሬ "አስራ ሦስት!" አልኩ። "አስራ አራት፣ ተዘግቷል።"

መኪናው ጋ ስንደርስ አልነበረም።

እህቴ፣ ፈላጊዎቹ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከአጥሩ በታች ያለውን ሸለቆ በውሻ አበጠሩት። አጥሩ ጋ ተቆጥሯላ! ወደ ላይ ማን ይሂድ? እኔም አብሬያቸው ከአጥሩ በታች ስሙን ስጣራ ዋልኩ። እያወቅሁ። ዛሬ እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ፤ ምናልባት ከኋላዬ ነበረ፣ ምናልባት ከአጥሩ በኋላ ነው የቀረው እያልኩ ራሴን ስዋሽ ሦስት ቀን ሄደ።

ትናንት ረቡዕ ስትደውዪልኝ እማዬ ለሚጠይቋት ሰዎች የምትለውን ነገርሽኝ። ጋሼ ደውለውላት ልጅዎ አጥሩ ጋ ቁጥሩን ጥርት አድርጎ ተናግሯል አሏት፤ እሷም "ልጄ በመጨረሻው ቀን አፉ ተፈታለት፤ ሳይያዝ ተናገረ" ትላለች አልሽኝ። ያቺን ቃል ይዛ ነው የቆመችው አልሽኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ያንኑ ማታ ሄጄ ለጋሼ ተናገርኩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሸሚዛቸው ላይ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ስድብ ጠብቄ ነበር። "ላይ ጎጆ አለ" ብቻ አሉኝና ስልክ አነሱ።

ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ጣሪያው ግማሹ የወደቀ የድንጋይ ጎጆ አለ። እኛ አልፈነው እንሄዳለን። ብርዱን ይከልላል፤ ሰው እዚያ ቢገባ ሊቆይ ይችላል። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ ይሄን ብቻ ነው የማስበው፤ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ይቆያል።

እዚህ ጋ ስደርስ ሬዲዮው ጮኸ፤ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። አሁን ነው የቀጠልኩት።

የጋሼ ድምፅ ነው። ጎጆው ጋ ደርሰዋል። ጓንቱ ሁለቱም እጁ ላይ ነው አሉ፤ አግኝቶት ነበር ማለት ነው። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ፤ ቦርሳው ውስጥ ስንት ብስኩት ነበር የከተትሽለት አሉኝ። አስራ ሁለት አልኳቸው። "ሁለት ቀርተዋል" አሉ። ለፋርማሲስቷ ደግሞ አምቡላንሱ ቀስ ብሎ ይምጣ፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም አሏት።

እሷ ተነስታ የተኛውን ጫማ አቃናችው፤ ጎን ለጎን አደረገችው።

እህቴ፣ ከላይ እንዳታነቢላት ያልኩሽን ተዪው። አንብቢላት። አጠገቧ ተቀመጪና እጇን ይዘሽ፣ ሳትዘዪ፣ አንድም መስመር ሳትሸፍኚልኝ አንብቢላት። ያ ጥርት ያለው ድምፅ የኔ ነበር በያት። የሱ አፍ እንደተያዘ ነው፤ ሊለኝ የፈለገውን ሳይጨርስ ነው።

አምላክ አንቺንና ልጆችሽን ይጠብቅልኝ፤ ለእማዬ የምትሰማበት አቅም ይስጣት። ከኋላችሁ ማንም አይቅርባችሁ።

አደራ ተቀብላ የበላች፣
ታናሽ እህትሽ