አባባ ጥጋቸውን አልለቀቁም

ለወንድሜ ለከርት፣

እንዴት ነህ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? ያመመህ ወገብህ ተሻለው ወይስ ጥርስህን ነክሰህ ነው የምትሠራው? ጆሊንና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ከጤናዬ በቀር ግን ደህና የሆነ ነገር የለኝም። ስልክህ መርከቡ ላይ አይሠራም፤ ነገሩም ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እየሰማ በሬዲዮ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ኮዲያክ፣ ቤትህ ልኬልሃለሁ። ወደብ ስትደርስ ጫማህን ሳታወልቅ አንብበው።

አባባ የኩላሊት እጥበታቸውን ትተዋል። እግራቸው አብጧል፤ ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን ሲሄዱ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ነርሷ እየደወለች ትለምነኛለች፤ እኔም እሳቸውን እለምናለሁ፤ የሚሰማ ግን የለም። ይህ ሁሉ የመጣው በምርጫው ነው ብልህ ታምነኛለህ?

የበረዶውን ወራት በሙሉ ለፕሬዚዳንት ለምትወዳደረው ለሄልገሰን ሲቀሰቅሱ እንደከረሙ ታውቃለህ። ሴትዮዋ በመከር መጥታ ወጥ ቤታችን ቁጭ ብላ የፖም ኬክ ስትበላ፣ መርፌ የሚገባበትን ክንዳቸውን ይዛ «ቨርሊን፣ ፕሬዚዳንት ብሆን የገጠር ሆስፒታሎችን አልረሳም» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ከእጥበት ተመልሰው ራሳቸውን እያዞራቸው ሳይቀር አልጋ ላይ ሆነው ለመንደሩ ሰው ይደውላሉ። ስሟ ያለበትን ሰሌዳም ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጃቸው ተከሉ። አጎት ዱዌይን ደግሞ የተፎካካሪዋ የባርክሌይ ሰው ናቸው። አባባን በፒክአፓቸው ለእጥበት ሲወስዷቸው መንገዱን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ያንተዋ ሴትዮ እኮ ላምና በሬ አትለይም» ይላሉ፤ ሌላው «ያንተውስ ወተት ከሱቅ የሚፈልቅ ነው የሚመስለው» ብለው ይመልሳሉ። እየተሳሳቁ ሄደው እየተሳሳቁ ይመለሱ ነበር።

የፓርቲው ዕጩ መምረጫ ስብሰባ ዕለት እንደ ልማዳችን ትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ተሰብስበን በየዕጩአችን ጥግ ጥጋችንን ያዝን። ሲቆጠር የእኛ ጥግ የሚፈለገውን ሰው አልሞላም። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ያልሞላለት ወይ ወደ ሌላው ጥግ ይሻገራል፣ ወይ ወደ ቤቱ ይገባል። ወዲያው ከየአቅጣጫው «ወደኛ ኑ! እዚህ ኬክ አለ! የእነሱ ቡና ውሃ ነው!» እያሉ ይጠሩን ጀመር። አጎት ዱዌይን የጂሙን ወለል አቋርጠው መጡና እጃቸውን ዘርግተው «ና እንጂ ቨርሊን፣ ወንበር ይዤልሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ላምና በሬ አላነሳብህም» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ ግን አልሳቁም። «አንተ ቃልህን እንደ ኮፍያ ታወልቃለህ? እኔ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተዘረጋው እጅ ሳይጨበጥ ተመለሰ።

እኔ ተሻገርኩ። ከርት፣ ባርክሌይን ወድጄው አይደለም፤ ሰውየው ሲናገር ጥርሴን ያመኛል። ግን ከቀሩት ለሆስፒታላችን የሚሻለው እሱ ነው። የተሸነፈ ሰው ኩርፊያውን ይዞ ቢቀመጥ ራሱን ነው የሚጎዳው ብዬ አሰብኩ። የእኛ ጥግ ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ተሻገሩ። አባባ ወንበሮቹ ታጥፈው እስኪያልቁ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ከዚያ እንዳደርሳቸው ብለምናቸው እንቢ ብለው በበረዶው ውስጥ በእግራቸው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት ጨው አቀብዪኝ ሲሉ ብቻ ነው።

አጎት ዱዌይን ግን አልቀሩም። በእጥበቱ ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው መጥተው ክላክስ አደረጉ። አባባ «የዚያን ሰው ስም የለጠፈ መኪና ላይ አልወጣም» አሉ። በሚቀጥለው የእጥበት ቀን አጎት ዱዌይን ጣት በሚቆርጠው ብርድ ስቲከሩን በምላጭ ሲፍቁ በመስኮት አየኋቸው። አባባም አዩ። «ለእኔ ሲል የፋቀ ለሌላው ሲል ይለጥፋል» አሉ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር! የካውንቲው አስተዳደር ለሕሙማን የሚልከውን መኪና ባስመጣ ሹፌሩ የባርክሌይ ባጅ አድርጓል ብለው መለሱት። አንድ ቀን ከፋብሪካው ሥራዬ ቀርቼ እኔው ወሰድኳቸው፤ ታክሲ የተሳፈሩ ይመስል ከኋላ ተቀምጠው ሄደው ተመለሱ። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። ለምን መሰለህ? በእጥበቱ ቀን ሁልጊዜ ማልደው ይነሱና ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣሉ። ፒክአፑ ቆሞ ቆሞ ሲሄድ ካፖርቱን አውልቀው ይሰቅሉታል። መሄዱን ይፈልጉታል፤ የሚያስነሳቸው ነው ያጡት።

ከዚያ ሄልገሰን በቴሌቪዥን ቀረበች። ከውድድሩ ወጥቻለሁ አለችና ከባርክሌይ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሳቀች። አባባ «እሷም ተሻገረች» አሉ። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ሰሌዳውን ንቀይልኝ አሉኝ። ወጥቼ ብጎትት፣ በአካፋ ብመታ፣ የቆመበት ሽቦ በረዶ በያዘው መሬት ውስጥ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። ገብቼ መሬቱ አልለቅም ብሏል ስላቸው «እንግዲያው ይቅር፣ እስኪሞቅ ይቁም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በእኔም መኪና አልሄድም ብለዋል። ሰሌዳው እስኪሞቅ ይቆማል፤ እሳቸው ግን እስከዚያ አይቆሙም።

የአባባን ነገር ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ተማሪ ሳለህ በዚያው ጂም የትግል ግጥሚያ ተሸንፈህ እያለቀስክ ስትሮጥ፣ አሠልጣኙ አባትህ ጆሮህን ይዘው ሕዝብ ፊት አልመለሱህም? «ተሸንፎ እጅ ያልጨበጠ ሁለቴ ተሸነፈ፤ ሂድና የልጁንም የእሱን አሠልጣኝም እጅ ጨብጥ» አላሉህም? ይህን እኔ ብነግራቸው የተሻገረች ሴት ወሬ ነው። አንተ ግን ያኔ ተመልሰህ ጨብጠሃል። ደውልላቸውና የራሳቸውን ቃል መልስላቸው። ይሰሙህ እንደሆነ አላውቅም፤ ደብዳቤው በጊዜ ይደርስህ እንደሆነም አላውቅም። ሌላ የማደርገው ግን አጣሁ።

ጆሊንን ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ለአባባ ያበጠ እግር ልክ ሆኗል በላት። ለኤሪክ ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ቴስን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያቷ የሣሉላትን ፈረስ እልክላታለሁ። አጎት ዱዌይን «ከርትን ሰላም በይልኝ» ብለውሃል፤ ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አባባም ሰላም ብለውሃል ብዬ እንዳልጽፍ፣ መጻፌን አላወቁም። ዛሬ ጠዋት አጎት ዱዌይን መጥተው ክላክስ ሲያደርጉ አባባ ካፖርታቸውን አልለበሱም።

እህትህ ማርላ
ፌርሂል፣ አዮዋ
ፌብሩዋሪ 13 ቀን